«ዝም ማለት» ምን ማለት ነው?

አንድ ሰው አንድ ነገር ሲጠየቅ በአማርኛ ሦስት ዓይነት መልስ ሊሰጥ ይችላል፦ እሺ ይላል፣ እምቢ ይላል፣ ወይም ዝም ይላል። ሦስቱም የሚነገሩት በአንድ ግሥ ነው። «አለ» ማለት ተናገረ ማለት ስለሆነ፣ ከአፉ ቃል ያልወጣውን ሰው ድርጊት እንኳ የምንገልጸው እንደ ተናገረ ሰው አድርገን ነው። ስማቸውም በአንድ ቅርጽ ይወጣል፤ ከእሺ እሺታ፣ ከእምቢ እምቢታ፣ ከዝም ዝምታ። ይህ የሰዋስው አጋጣሚ ብቻ መስሎ ሊታለፍ ይችላል፤ ነገር ግን በሰሜን ሸዋ በሽማግሌ ፊት፣ በቀበሌ ስብሰባ ወይም በፍርድ ቤት ስለ ዝምታ የሚነሣው ክርክር የሚያጠነጥነው በዚሁ ላይ ነው፦ ዝም ያለ ሰው አንድ ነገር ብሏል ወይስ አላለም? ካለስ ምን አለ?

በመጀመሪያ ቃሉን ራሱን እንመልከት። «ዝም» ብቻውን ግሥ አይደለም። ጾታና ቁጥር አይለይም፤ ዝም አልኩ፣ ዝም አለች፣ ዝም ይላሉ ሲባል የሚለዋወጠው «አለ» ነው፣ «ዝም» ባለበት ይቆያል። ሲነገር የመጨረሻዋ «ም» ትጠብቃለች፤ ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ ግን ይህ በጽሑፍ አይታይም። ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ቀስ አለ፣ ቸል አለ የሚሉትም የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ሌላውን ዝም እንዲል ማድረግ ሲሆን «አለ» ወደ «አሰኘ» ይለወጣል፤ እናት የሚያለቅስ ልጇን ዝም ታሰኛለች፣ ነገር ዐዋቂ ተሟጋችም ባላጋራውን ዝም ያሰኛል።

ይህ አሠራር የአማርኛ ብቻ አይደለም። ሰሜን ሸዋ የሚለውን ስም አንዱ በአማራ፣ ሌላው በኦሮሚያ ክልል የሚገኙ ሁለት ዞኖች ይጋሩታል፤ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ፍቼ የሚሻገር ሰው አፉ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ ሲለወጥ የዝምታውን አነጋገር ግን ያው ሆኖ ያገኘዋል። በአፋን ኦሮሞ «ጨል ጄዼ» ይባላል፤ «ጄዼ» ማለት አለ ማለት ነው። ትግርኛም «ስቕ በለ» ይላል፤ «በለ»ም ያው አለ ነው። ዐረብኛ ግን እንደ አማርኛና ትግርኛ ሴማዊ ቢሆንም ለዚህ ድርጊት ራሱን የቻለ ግሥ ስላለው «ሰከተ» ብሎ ያበቃል፣ ሌላ ደጋፊ ግሥ አያሻውም። ብዙ የቋንቋ አጥኚዎች፣ የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች «አለ»ን በዚህ መልክ የመጠቀምን ልማድ ያዳበሩት እንደ አፋን ኦሮሞ ካሉ የኩሽ ቋንቋዎች ጋር ተጎራብተው በኖሩበት ረጅም ዘመን እንደሆነ የሚያስረዱት ከዚህ ተነሥተው ነው። ግዕዝ መካከል ላይ ይቆማል፤ እሺ ለማለት «ኦሆ ይቤ»፣ ማለትም «ኦሆ አለ»፣ ሲል ዝም ለማለት ግን «አርመመ» የሚል ሙሉ ግሥ አለው።

ከአርመመ የወጣው «አርምሞ» ወደ አማርኛ የገባው የገዳምን መዓዛ እንደያዘ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በመሠረቱት በደብረ ሊባኖስም ሆነ በሌሎች ገዳማት፣ አንድ መነኩሴ በአርምሞ ይኖራል ሲባል የሚናገረው አጥቶ ወይም ተቀይሞ አይደለም፤ እህልን እንደሚጾም ንግግርንም ጾሟል ማለት ነው። በዐቢይ ጾም የሚዜመው የቅዱስ ያሬድ «ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን» የሚለው ቃልም አንደበትን ከጿሚዎቹ ብልቶች ጋር ይቆጥረዋል። «ጽሞና»ም ከዚሁ ዓለም የመጣ ቃል ነው፤ ዛሬ ግን በየአዳራሹ «የጽሞና ጊዜ» እየተባለ ከሃይማኖት ውጭም ይነገራል። ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ ተነሥቶ ለአንድ ደቂቃ ዝም ማለትን አማርኛ «የሕሊና ጸሎት» ብሎታል። በሌላ አገር የአንድ ደቂቃ ዝምታ ብቻ ተብሎ የሚጠራው ሥርዓት እዚህ ሲደርስ ሥራ ተሰጥቶት፣ በውስጥ የሚደረስ ጸሎት ሆኖ መሰየሙ በእኔ እምነት ከቃሉ ጠባይ ጋር የተስማማ ነው። አማርኛ ባዶ ዝምታን አይወድም።

ለዚህም ይመስላል አንድ ቃል ያልበቃው። ዝም የአፍ ነው፤ ድምፅ ማውጣት የሚችል፣ ሲያወጣም የነበረ ወይም ያወጣል ተብሎ የሚጠበቅ አካል ሲተው ዝም አለ ይባላል። ሰው ዝም ይላል፣ ሕፃን ዝም ይላል፣ ሲጮኽ ያደረ ውሻ ዝም ይላል። ጸጥ ግን ከአፍ ይልቅ የሁኔታ ነው፤ ጉባኤ ጸጥ ይላል፣ ነፋስ ጸጥ ይላል፣ አገር ጸጥ ይላል። መንዝ ውስጥ የመሐል ሜዳ ገበያ ሲበተን፣ በጎቹም ሸማቾቹም ሄደው ሜዳው ለነፋስ ሲቀር፣ ገበያው ጭር አለ ይባላል እንጂ ዝም አለ አይባልም፤ ጭር የሚለው ሰው የነበረበትና አሁን የሌለበት ቦታ ነው። ረጭ የጸጥታ ዳርቻ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም «ጸጥ ረጭ አለ» ተብሎ ከጓደኛው ጋር ይመጣል። ጭጭ ደግሞ ፍርሃት ወይም ምሥጢር አለበት፤ ጭጭ ያለ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። «ጭጭ በል!» የሚለው ትእዛዝ ከ«ዝም በል!» ይልቅ የሚያስደነግጠውም ከጀርባው ዱላ ስለሚታይ ነው። ከነዚህ ሁሉ የተለየው «ሆድ ይፍጀው» ነው። ይህን የሚል ሰው የሚናገረው አለው፣ መናገርም ይችላል፤ ነገሩን ከአፉ መልሶ ወደ ሆዱ ማውረዱን ግን ራሱ ያስታውቃል።

እዚህ ላይ ስለ መስማት የተሳናቸው ሰዎች አንድ ነገር ማለት ተገቢ ነው። በቀድሞ አነጋገር እነርሱን «ዝምተኞች» አድርጎ መቁጠር የተለመደ ነበር፤ ሆኖም በምልክት ቋንቋ የሚነጋገር ሰው ከላይ በተባለው መሠረት ዝም አላለም። ዝም የሚለው እጁን ሲያሳርፍ ነው።

በዝምና በጸጥ መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ቁጥር 39 ነው። ኢየሱስ በታንኳ ሳለ ማዕበል ተነሥቶ ደቀ መዛሙርቱ ሲፈሩ ባሕሩን «ዝም በል፥ ጸጥ በል» እንዳለው በአማርኛው ተጽፏል፤ ከዚያም ነፋሱ ተወ፣ ታላቅ ጸጥታም ሆነ። በመጀመሪያው ትእዛዝ ባሕሩ አፍ እንዳለው ሆኖ ይገሠጻል፣ በሁለተኛው ወደ ዕርጋታ ይመለሳል፤ በመጨረሻ የሆነው ነገር ሲነገርም ዝምታ ሳይሆን ጸጥታ ተባለ። የግሪኩ ቃል ከዚህ ይልቅ ሻካራ ነው፤ ሁለተኛው ትእዛዝ በቀጥታ ሲታይ አፍህ ይታሰር ማለት ነው፣ በሬ በአውድማ ሲያበራይ እህሉን እንዳይበላ አፉ ከሚታሰርበት ነገር ስም የወጣ ግሥ ነውና።

ይኸው ጥቅስ የአውሮፓውያኑን ቃል አመጣጥ ለሚመረምሩም ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል። ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ዝምታን የሚጠሩበት ቃል የመጣው ከላቲኑ «ሲሌንቲዩም» ነው፤ ይህም «ሲሌሬ» ከሚለው ግሥ ይወጣል። ላቲን ግን እንደ አማርኛ ሁለት ግሦች ነበሩት። «ታቼሬ»፣ ወይም በጥንቱ አነባበብ «ታኬሬ»፣ መናገር የሚችል ሰው ንግግሩን ሲተው የሚነገር ሲሆን «ሲሌሬ» በተለይ ለሌሊት፣ ለነፋስ፣ ለጫካ፣ በጠቅላላው ድምፅ ለሌለበት ሁኔታ የሚስማማ ነበር፤ ልዩነቱ ሁልጊዜ ባይጠበቅም። የሲሌሬ ሥር ከላቲን በፊት ወዴት እንደሚዘልቅ ሲጠየቅ ሊቃውንቱ ከሚያቀርቧቸው ጥቂት ዘመድ ቃላት ዋነኛው በጎትኛ የሚገኘው «አናሲላን» ነው። ጎትኛ ዛሬ የሞተ የጀርመን ዘር ቋንቋ ሲሆን የሚታወቀው በአብዛኛው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ በተረፉት ቅጠሎች ነው፤ ይህም ቃል በዚያ የተገኘው ማርቆስ 4፥39 ላይ፣ ነፋሱ ተወ በሚለው ስፍራ ነው። ስለዚህ የአውሮፓው ቃል በመነሻው ለእኛ ዝም ሳይሆን ለእኛ ጸጥ የቀረበ ነበር ማለት ይቻላል፤ ከጊዜ በኋላ ነው የታቼሬንም ሥራ ጠቅልሎ የያዘው።

የሚገርመው የሲሌሬ የልጅ ልጅ አሁን ደብረ ብርሃን ገብቷል። «ስልኬ ሳይለንት ላይ ሆኖ ነው ያላየሁት» የማይል ሰው ዛሬ ማግኘት ያስቸግራል። ስልክን «ዝም አሰኘሁት» የሚል ሰው ግን አልሰማሁም፤ ወይ ሳይለንት አደረግሁት፣ ወይ ድምፁን አጠፋሁት ይላል። የአማርኛ ተናጋሪ ለስልክ አፍ ሊሰጠው አልፈለገም መሰለኝ።

ጸጥ በበኩሉ ወደ መንግሥት ቤት ገብቷል። «የጸጥታ ኃይል»፣ «የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት»፣ «የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት» ሲባል የሚሰማው ድምፅ አለመኖሩ ሳይሆን ሁከት አለመኖሩ ነው። ከነፋስ መርጋት ወደ አገር መርጋት የሄደ ቃል ነው። ሁለቱ ትርጉሞች ግን አንዳንድ ጊዜ ይጋጫሉ፤ ሰው ሁሉ ጭጭ ያለበት አገር ጸጥታ አለው ወይስ የለውም የሚለው ጥያቄ በአንዱ ትርጉም አለው፣ በሌላው የለውም የሚል መልስ ያገኛል።

ዝምም የራሱን መንገድ ሄዷል። «ዝም ብሎ መጣ» ማለት ሳይናገር መጣ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይበልጥ የሚሰማው ግን ያለ ምክንያት መጣ የሚለው ነው። «ለምን ገዛኸው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ዝም ብዬ» ይላል። «ዝም ብለህ ብላ» የሚል አስተናጋጅ አትከራከር ማለቱ ነው፤ ክረምት ላይ በጣርማ በር «ዝም ብሎ ይዘንባል» ሲባል ደግሞ አላቋረጠም ማለት ነው። ሦስቱን የሚያያይዛቸው ክር አለ፦ የማይናገር ሰው ምክንያት አይሰጥም፣ አይቃወምም፣ ለወሬም ብሎ ሥራውን አያቋርጥም።

ወደ ምሳሌያዊ አነጋገር ስንመጣ አማርኛ ስለ ዝምታ በአንድ አፍ አይናገርም። «ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለው ዘመዶቹ በዐረብኛና በአውሮፓ ቋንቋዎች ስለሚገኙ የእኛ ብቻ ሊባል አይችልም፤ በእኔ ሚዛን ከሚገባው በላይ የተወደሰም እርሱ ነው። «ዝም አይነቅዝም» የበለጠ ጥንቃቄ ያለበት አባባል ነው፤ ያልተነገረ ነገር እንደ እህል አይበላሽም፣ ቢቆይ አይጎዳም ይላል፤ ዝም ማለት ያተርፋል ግን አይልም። በተቃራኒው «ዝምታ ለበግም አልበጃት» የሚለው አለ። የመንዝ ሰው ይህን ለመረዳት አስረጂ አይፈልግም። መንዝ በጠጉራም በጎቹ የታወቀ ነው፤ ጠጉራቸው ተሸልቶ ይፈተልና ባና የሚባል ብርድ ልብስና በርኖስ የሚባል ካባ ይሠራበታል። ፍየል ገና ሲይዟት አገር ታደበላልቃለች፤ በግ ግን እግሯ ታስሮ ጎኗ ላይ ተጋድማ ስትሸለት ዓይኗን ከማርገብገብ በቀር ድምፅ አታሰማም፣ ነብር ሲገባባትም እንደዚያው ናት። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 53 ላይ «በሸላቾቹ ፊት ዝም እንደሚል በግ» ሲል ይህንኑ ዝምታ የትዕግሥት ምልክት አድርጎታል፤ ተረተኛው ደግሞ የሞኝነት አድርጎታል። በጓ ያደረገችው አንድ ነው፤ ምን እንዳለች የወሰነው አድማጩ ነው።

ሽማግሌዎች ይህን በደንብ ያውቃሉ። በባልና ሚስት ኩርፊያ መካከል የገቡ ሽማግሌዎች አንደኛው ወገን ዝም ካለ ተስማማ ብለው ወደ ምርቃት አይሮጡም፤ «ምን ትያለሽ፣ እመቤቴ?»፣ «አንተስ ልጄ፣ በል እንጂ ተናገር» እያሉ በየተራ ያወጣጣሉ፤ ያልተነገረ ቅያሜ ከዕርቁ በኋላ እንደሚመለስ ስለሚያውቁ ነው። በቀድሞው ዘመን ደግሞ የሙግቱ ሥርዓት የሚጠራበት «በላ ልበልሃ» የሚለው ስም ራሱ ከዚያው ከ«አለ» የወጣ ነው፤ በል፣ እኔም ልበልህ። አንደበተ ርቱዕ የሚከበርበት ችሎት ስለነበር፣ እውነት ይዞ ዝም ያለ ሰው በአፈኛ የሚረታበት ጊዜም አልጠፋም። አፈርሳታ ወይም አውጫጪኝ በሚባለው ሥርዓት ነገሩ ከዚህም ይከብድ ነበር። ሌባው ወይም ገዳዩ ያልታወቀ እንደሆነ የአካባቢው ሰው በሙሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ሥራው እንዳይመለስ ይደረግ ነበር፤ የአንዱ ዝምታ የሁሉ ዕዳ የሚሆንበት፣ የሚያውቅ እንዲናገር ጎረቤቱ የሚያስጨንቀው አሠራር ነው።

የዛሬው ሕግ ለዝምታ አንድ ትርጉም አልሰጠውም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። «ዝምታ መስማማት ነው» የሚለውን እንደ ሕግ የሚጠቅስ ሰው በየቀበሌው ይገኛል፣ ሰብሳቢውም «ተቃውሞ አለ? የለም፤ እንግዲህ ጸድቋል» ብሎ ይቀጥላል። ደንበኛው የድምፅ አሰጣጥ ግን ድጋፍ፣ ተቃውሞ እና ድምፀ ተአቅቦ ብሎ ሦስት ቦታ ይለያል። ተአቅቦ ድምፅን ይዞ ማቆየት ነው፤ በአንዱም በሌላውም ወገን አይቆጠርም። በጸጥታው ምክር ቤት እንኳ ድምፀ ተአቅቦ ያደረገ ቋሚ አባል ውሳኔውን ሻረ እንደማይባል ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ናሚቢያ በሰጠው የምክር አስተያየት አረጋግጧል።

በውል ጉዳይ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1682 የያዘው መሠረታዊ ደንብ ዝምታ ውልን እንደ መቀበል አይቆጠርም የሚል ነው። አንድ ነጋዴ «እስከ ሰኞ መልስ ካልሰጠኸኝ በሬህን በዚህ ዋጋ እንደሸጥክልኝ እቆጥራለሁ» ብሎ መልእክት ቢልክ፣ ባለ በሬው መልስ ስላልሰጠ ብቻ ሻጭ አይሆንም። ከዚህ የሚወጡ ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ በሕግ ወይም በተሰጠው ልዩ ፈቃድ ምክንያት የመዋዋል ግዴታ ያለበት አካል፣ እንዲሁም ቀድሞ የንግድ ግንኙነት የነበራቸው ወገኖች። ጋብቻ ላይ ደግሞ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የተጋቢዎችን ነጻና ሙሉ ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ አንገቷን ደፍታ ዝም ያለችን ልጅ «ተስማምታለች» ብሎ መዳር ወግ የነበረ ቢሆንም በሕግ ፊት የሚቆም ምክንያት አይደለም።

በወንጀል ዝምታ ራሱን የቻለ መብት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለው፣ ከተናገረም ቃሉ በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል ወዲያውኑ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ያዛል። ተከሶ የእምነት ክህደት ቃሉን ሲጠየቅ ዝም ቢልስ? በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 133 ክሱን እንደካደ ተደርጎ እንዲመዘገብ ይደነግጋል፤ ዐቃቤ ሕግም ማስረጃውን ማቅረብ ይኖርበታል። እዚህ ላይ ዝም ያለው ሰው በሕጉ ጆሮ እምቢ ብሏል።

በፍትሐ ብሔር ክስ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከሳሹ በመከላከያ መልሱ በግልጽ ያልካደውን ፍሬ ነገር እንዳመነ ይቆጥርበታል። መሬቴን ገፋብኝ፣ ገንዘቤንም ወስዶ አልመለሰም ተብሎ የተከሰሰ ገበሬ፣ ስለ ድንበሩ ብቻ ተከራክሮ ስለ ገንዘቡ ዝም ቢል፣ በገንዘቡ እሺ እንዳለ ሊወሰድበት ይችላል። መጥሪያ ደርሶት ጭራሽ ካልቀረበም ጉዳዩ በሌለበት ይሰማል። ስለዚህ ጠበቃ ማቆም ያልቻለ ተከሳሽ ክሱን አስነብቦ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ይህን አምናለሁ፣ ይህን እክዳለሁ ብሎ በጽሑፍ መመለስ፣ መልሱንም በተቀጠረለት ቀን ለመዝገብ ቤት ማስገባት ይኖርበታል።